ለበዓል የተቀመጠ ጫማ፦ የሴቶች ጫማና የእግር ጤና ከፍሎረንስ እስከ ጋሞ ደጋ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በላስቲክ ዳስ ሥር የሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ አሉ። ባለፈው ሰሞን የእማዬን ጥቁር ባለታኮ ጫማ ይዤላቸው ሄድኩ። እማዬ ጫማውን የገዛችው ጨንቻ ታስተምር በነበረበት ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ የሄደች ጊዜ ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆነው ማለት ነው። የተደረገበት ቀን ቢቆጠር ግን ሁለት መቶ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። ለመስቀል፣ ለፋሲካና ለቅርብ ዘመድ ሠርግ ካልሆነ ከሳጥን አይወጣም።

ሰውየው ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከመሐሉ ለመጥ አደረጉት፤ ቀጭ አለ። «አጥንቱ ነው የተሰበረው» አሉ። የውስጡን ንጣፍ በካራ ጫፍ ገለጡና ጣት የምታህል፣ ዝገት የበላት ጠፍጣፋ ብረት በፒንሳ መዘዙ። ለሁለት ተከፍላለች። ቀጥለው ጫማውን አገላብጠው ጎኑን አዩ። የአውራ ጣት ሥር በሚያርፍበት በኩል ቆዳው ላይ በምላጭ የተሰነጠቀ አጭር መስመር አለ።

«ይቺን ማን ቀደዳት?»

«እናቴ ናት፤ ራሷ።»

«አውቃለች» አሉ፣ «ሐኪም ቢሆን ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?»

ስለ ሴት ጫማና ስለ እግር ጤና የተጻፈውንና የተሠራውን ሳገላብጥ ከርሜ የምመለሰው ወደነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ወደ ብረቷና ወደ ምላጩ። በብረቷ ጫማ ሠሪው እግርን ሊደግፍ አስቧል። እሱ ያላሰበውን ደግሞ ባለቤቷ በምላጭ አርማዋለች። በጋሞ ደጋ ይህ የፋሽን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጫማ ማድረግና አለማድረግ እግርን የሚያተርፍና የሚያሳጣ ጉዳይ ነው። ሴቶች ከጤናው ይልቅ ያማረውን ጫማ ይመርጣሉ እየተባሉ ሲወቀሱ ኖረዋል። እኔ ግን የምወቅሰው ጤናማውን ጫማ ዓይን እንዲጠላው አድርጎ የሠራውን ነው።

የብረቷ ነገር እኛንም ስለሚነካ ከእሷ ልጀምር። ተረከዝ ከፍ ሲል በተረከዝና በፊት እግር መካከል ያለው የሶሉ ክፍል እንደ ድልድይ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የሰውነት ክብደት ሲጫነው እንዳይለመጥ ውስጡ ብረት ይቀበራል። ይህን ብረት የእግር ጤና ጉዳይ ካደረጉት ሰዎች ስሙ የገነነው ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው) ኔፕልስ አቅራቢያ ቦኒቶ በምትባል መንደር ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ ተሻገረ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሲኒማ ተዋንያን ጫማ ይሰፋ ነበር። ደንበኞቹ ጫማውን ያደንቃሉ፤ እግራችንን ገደለን ማለታቸው ግን አልቀረም። ይህ እንቅልፍ ቢነሳው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሰውነት አካል ትምህርት ተማረ። የደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ በእግሩ ቅስት ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መደገፍ ያለበት ቅስቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አገሩ ገብቶ ፍሎረንስ ላይ ሥራውን ሲከፍት የጫማዎቹ ምሥጢር ያቺ ጠፍጣፋ ብረት ነበረች።

ከዚያ ጥቅምት 1935 መጣ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ፤ በኅዳር የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ጦርነቱና እገዳው ተደማምረው ለጫማ የሚሆን ጥሩ ብረት ከገበያ ጠፋ። በተገኘው መናኛ ብረት የተሠሩት ጫማዎች እየተሰበሩ ይመለሱበት ጀመር። ፌራጋሞ መላ ሲፈልግ የሰርዲኒያ ቡሽ ላይ ዓይኑ አረፈ። በታኮውና በሶሉ መካከል ያለውን ክፍተት በቡሽ ሞልቶ ድፍን አደረገው። ብረት የማያስፈልገውን ይህን ድፍን ታኮ እ.ኤ.አ. በ1937 በስሙ አስመዘገበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለም ተጫማው። ይህን ያነበብኩ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ፒያሳ ፎቶ ቤት ቆመው የተነሱት የአዲስ አበባ ሴቶች እግር ላይ የምናየው ድፍን ታኮ መነሻው የእኛው ጦርነት ኖሯል። ነገሩ ጥሩም ትምህርት አለው። ከመቶ ዓመት ወዲህ በሴት ጫማ ላይ ከመጡት ለውጦች ለእግር የተሻለው አንዱ ከሕክምና ክፍል አልወጣም። ብረት ያጣ ሰው ያመጣው ብልሃት ነው፤ ያማረ ስለነበረ ደግሞ ሴቶች በገዛ ፈቃዳቸው ተጫሙት።

ሐኪሞቹ ግን ከጫማ ሰፊዎቹ ቀድመው ሲጮኹ ነበር። ሆላንዳዊው ፔትሩስ ካምፐር እ.ኤ.አ. በ1781 ስለ ጫማ ትክክለኛ ቅርፅ አንድ ድርሳን አሳተመ። የተከበረ የአናቶሚ ሊቅ ስለ ጫማ መጻፉ ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሳይታይ አልቀረም። ታኮ ክብደትን ወደ ፊት እየገፋ ጣትን እንደሚያጨናንቅ ያስረዳል። በዘመኑ አብዛኛው ጫማ ግራና ቀኝ እንኳ አልነበረውም፤ ሁለቱም በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ይሰፉና እግር እየቻለው ይለምደዋል። በ1858 ደግሞ የዙሪኩ ሄርማን ፎን ማየር ከተረከዝ መሐል ተነስቶ በአውራ ጣት መሐል የሚያልፍ መስመር ሠራ። ጫማ በውስጥ በኩል ቀጥ ማለት አለበት፤ አውራ ጣትን ወደ ጎን የሚገፋ ሹል ጫማ አጥንት ያጣምማል አለ። እማዬ ማየርን አታውቀውም። የምላጭ መስመሯ ያረፈችው ግን ልክ እሱ ባለው ቦታ ነው።

የብሪታንያው የአጥንት ሐኪም ሂዩ ኦወን ቶማስ ታኮን በውስጥ በኩል ወደ ፊት አስረዝሞ የሚያዘምመውን እግር ደገፈ፤ ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1904 ዊልያም ሾል ቺካጎ ላይ ጫማ ውስጥ የሚገባ የቅስት ድጋፍ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖቹ ገበያውን አጥለቀለቁት። በኦሃዮ የሴልቢ ኩባንያ «ቅስት ጠባቂ» ያለውን ጫማ፣ በኒውዮርክ ኦበርን ከተማ ደግሞ ኤና ጄቲክ የተባለው ድርጅት የራሱን ለሴቶች አቀረቡ። ጫማዎቹን ዛሬ በሥዕል ብታዩአቸው የሕክምና ዕቃ ናቸው ብላችሁ አትገምቱም። ታኮ አላቸው፣ ቁልፍ አላቸው፣ ቆዳቸው በጥልፍ ጉድጓድ ያጌጠ ነው። ድጋፉ ተደብቋል። ማስታወቂያቸው ብዙ የተጋነነ ነገር ነበረበት፤ ዝርግ እግር ያላትን ጤነኛ ሴት ሁሉ በሽተኛ አድርገዋታል። በ1920ዎቹ የመጣው በየሱቁ እግርን በኤክስሬይ እያሳየ ጫማ የሚለካው ማሽንማ ለጨረር አደጋ ካልሆነ ለምንም አልበጀም፤ ቆይቶ ተከለከለ። አንድ ነገር ግን አልተሳሳቱም። ጫማቸውን በርዝመት ብቻ ሳይወሰኑ በስፋትም በብዙ ደረጃ ይሠሩ ነበር። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሰፋ ያለ ስጡኝ በሉ እስቲ። ሻጩ የሚመልስላችሁን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ሲያደርጉት ይሰፋል»።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ይለያል። በአማርኛ ጫማ ማለት መጀመሪያ የእግር ታች ነው፤ ከእግር ጫማ እስከ ራስ ፀጉር የምንለው ለዚህ ነው። የምንጫማውም፣ የምንረግጥበት የገዛ ሥጋችንም በአንድ ስም ይጠራሉ። መኳንንቱ ራሳቸው ለብዙ ዘመን በባዶ እግር ነበሩ፤ ፈረሰኛው እርካቡን በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መሐል ይዞ ይጋልባል። እንዲህ ያደገ እግር ከፊቱ ሰፊ፣ ጣቱ የተዘረጋ ነው። አሜሪካዊው ፊል ሆፍማን በ1905 ባሳተመው ጥናት ጫማ የማያውቁ ሕዝቦችን እግር ጫማ ለባሾች ካሏቸው ጋር አስተያይቶ ጫማ የጣትን ቅርፅ ምን ያህል እንደሚያበላሽ አሳይቷል። የአበበ ቢቂላንም ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠበትን ምክንያት ሁላችንም በኩራት እንተርከዋለን፤ የጫማ ሰፊ ጆሮ ያለው ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። አሮጌው ጫማው አልቆ፣ በአዲሱ ደግሞ እግሩ አልተመቸም። ዓለምን ያሸነፈ እግር ልኩ የሆነ ፎርማ አላገኘም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ አሸነፈ።

የመጀመሪያዎቹን የአዲስ አበባ ጫማ ፋብሪካዎች ያቋቋሙት የአርመን ነጋዴዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ዳርማር፣ ከተወረሰ በኋላ አንበሳ ጫማ ሆነ፤ ጥቁር ዓባይ ጫማም የትምህርት ቤት ዘመናችን ስም ነው። ሙያው ከፋብሪካ ወደ መርካቶ ፈሰሰ፤ ሠራተኛው የለመደውን ይዞ ወጥቶ በየጓዳው ዎርክሾፕ ከፈተ። የሙያው ቋንቋ ጣሊያንኛ እንደሆነ ቀረ፤ ታኮ፣ ፎርማ፣ ካልሲ፣ ሊስትሮ። ፎርማው ራሱ ከውጭ እየመጣ ስለኖረ ሴቶቻችን በአውሮፓ እግር ልክ ሲጫሙ ኖረዋል ብል ማጋነን አይሆንም። በ2012 የቻይናው ኋጂያን ዱከም ላይ ፋብሪካ ከፍቶ የሴቶች ጫማ በብዛት ወደ አሜሪካ መላክ ሲጀምር የኢትዮጵያ ልጆች እጅ የሰፋው ጫማ መለኪያው የሌላ አገር እግር ነበር። አርባ ምንጭ ገበያ ላይ በሰልባጅ ተከምሮ የሚሸጠውም ያማረ የድሮ ጫማ የሌላ ሴት እግር ቅርፅ ይዞ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ሙቀቷም አፈሯም የቆላ ነው። ጨንቻ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ወደ 2,700 ሜትር ትደርሳለች። አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቆርቁራ ዋና ከተማነቱን እስክትወስድ ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች። ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ እንሰት፣ ብርድና ቀይ ጭቃ። ከዶርዜ በላይ ያለውን መንገድ በክረምት የወጣ ሰው ጭቃው ጫማን እንዴት ይዞ እንደሚያስቀር ያውቃል። ሰዉ ጭቃ ላይ በባዶ እግሩ ሄዶ ጫማውን በእጁ የሚይዘው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። እማዬ ስለ ተማሪዎቿ ስታወራ «ጫማ ያላት ልጅ እጇ ላይ ይዛው ትመጣና በር ስትደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ ታደርገው ነበር» ትላለች። ቅዳሜ ጨንቻ ገበያ ዳር ቆሞ ለሚያይ ይህ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ደግሞም ደጋው ቆዳ የሌለው አገር ሆኖ አይደለም። በጋሞ ደጋላ የሚባሉት የቆዳ ባለሙያዎች ቆዳ የሚፍቁት በባልጩት ነው። እንጨት እጀታ ላይ በሙጫ የተተከለች ስለታም ድንጋይ ናት። በዓለም ላይ ይህን ጥበብ እስከ ዘመናችን ይዘው ከቆዩት ጥቂት ሕዝቦች አንዱ እነሱ ናቸው፤ አሜሪካዊቷ ካትሪን ዊድማን አርተር ለዓመታት አብራቸው ቆይታ ያየችውን በ2018 በመጽሐፍ አውጥታለች። የፋቁት ቆዳ መኝታ ይሆናል፣ ጠፍር ይሆናል፣ ጫማ ግን አይሆንም። ቆዳ ፋቂነት የሚናቅ ሙያ ነበር፤ መሬት የማያስይዝ፣ ከሌላው ጋር የማያጋባ። ማኅበረሰቡ የቆዳ ባለሙያውን ባያገልል ኖሮ የጋሞን እግር የሚያውቅ፣ በጋሞ ፎርማ የሚሰፋ ጫማ ከዚያው ይነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዚያው ደጋ የወረዱ ልጆች አርባ ምንጭና አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆነው የሰው ጫማ ሲጠርጉ ማየት የለመድነው ነገር ነው። የብዙዎቹ የራሳቸው እግር ነጠላ ጫማ ውስጥ ነው።

የቀዩ አፈር ጉዳይ ሲመጣ የፋሽን ወሬው ይቆማል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ፣ በብዙ ዝናብ የታጠበ ቀይ የደጋ ሸክላ አፈር ውስጥ ደቃቅ ማዕድናት አሉ። ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ በቆዳ ስንጥቅ ይገቡና የሊምፍ መስመርን ያስቆጣሉ፤ መስመሩ ይጠባል፣ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ እግር ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ያሉት ይህ ነው። ትልም የለበትም፣ ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሙን የሰጠው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ የማዕድኑን ቅንጣት በሕመምተኞች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ አገኘ። ከእሱ ቀደም ብሎ ኦመን የተባለ ሐኪም በአገሪቱ 56 ገበያዎች እየዞረ የገበያተኛውን እግር ቆጥሮ በ1969 ውጤቱን አወጣ፤ በአማካይ 2.7 በመቶ። ገበያ ዳር ቆሞ እግር መቁጠር ቀላል ይመስላል። እግሩን የሚደብቅ ሰው ግን ገበያ አይወጣም፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ እገምታለሁ።

በሽታው ቤተሰብ ተከትሎ የሚታየው ለምን እንደሆነ የፋሲል ተኮላ ቡድን በ2012 ከወላይታ ሰዎች በወሰደው ናሙና አሳየ፤ ተጋላጭነቱ ከሰውነት መከላከያ ዘረ መሎች ጋር ይያያዛል። ይህ ማለት በአንድ መሬት ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱ ሁለት ሴቶች አንዷ ልታብጥ፣ ሌላዋ ሳይነካት ልታረጅ ትችላለች። ሰዉ ደግሞ ይህንን ሲያይ እርግማን አለው፣ ዘር አለው፤ ልጅ ሊድር ሲል የሌላውን ቤት እግር ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2011 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከበደ ድሪቤና ባልደረቦቹ የተሳተፉበት አገር አቀፍ የካርታ ሥራ 659 ወረዳዎችን አዳርሶ በ345ቱ በሽታውን አገኘ፤ ከአዋቂዎች አራት በመቶ ያህሉ፣ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው። ከክልሎች ሁሉ ብልጫውን የያዘው ያን ጊዜ ደቡብ ይባል የነበረው፣ የእኛው ነበር።

ሕክምናው አንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚረዳው ነው። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ በ2018 የታተመ ሙከራ ይህ ብቻ በየጊዜው የሚነሳውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ቀላል ያልሆነው የመጨረሻው ቃል ነው፤ ጫማ።

ላበጠ እግር ጫማ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንደ ልብ የሚከፈት አፍ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ እግሩ አይገባም። ውስጡ ስፌት የሚፋጭበት መሆን የለበትም፤ የላላው ቆዳ ይላጣል። በረባሶም ቢሆን ለዚህ አይበጅም፤ እሾህ ይከላከላል እንጂ አፈር አይከለክልም። ላስቲክ ቦቲ አፈሩን ይከለክላል፤ ግን እግሩ በላብ ይርሳል። ሁሉንም የሚያወሳስበው ደግሞ ሕክምናው ሲሠራ እግሩ መቀነሱ ነው። በመስከረም የተለካ ጫማ በጥር ይሰፋል፤ ለሕመምተኛዋ የምሥራች፣ ለሰፊው ሌላ ሥራ። ወላይታ ሶዶ ላይ በ1998 አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎ ያቋቋመው ማኅበር ይህን የተረዳው ቀድሞ ነው፤ ሕመምተኞቹን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ እያደረገ አሠለጠነ። የገዛ እግሩ ያበጠ ሰው የት ላይ ማስፋት እንዳለበት ማን ይነግረዋል? በአርባ ምንጭ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሲሠራ የቆየው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና የእግር ድጋፎችን ያዘጋጃል፤ ዩኒቨርሲቲውም ችላ ለተባሉ በሽታዎች የምርምርና የሥልጠና ማዕከል አለው።

ለዚህ ሁሉ አባት የሚሆነው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከሉ አለርት ነው። በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሐሳብ ጀርባ በሕንድ የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበረ። ብራንድ ያስተዋለው ይህን ነው፦ በሥጋ ደዌ የደነዘዘ እግር የሚቆስለው በሽታው ስለበላው ሳይሆን ስለማያመው ነው። ሰው ድንጋይ ሲወጋው እግሩን ያነሳል፤ የደነዘዘ እግር አያነሳም። ስለዚህ ጫማው በውስጥ ለስላሳ ላስቲክ፣ በውጭ እሾህ የማያሳልፍ ጠንካራ ሶል ይኑረው፤ ምስማር ጨርሶ አይግባበት። አሠራሩ ብዙ እግር አተረፈ። ግን ጫማው ገበያ ላይ ሲታይ የማን እንደሆነ በሩቁ ይለይ ነበር፤ ስለዚህ የተሰጣቸው ሰዎች ቤት ትተውት ይወጣሉ። ይህ ችግር ከሕንድ እስከ እኛ አገር በየፕሮግራሙ ተደጋግሟል፤ መፍትሔውም በኋላ ጫማውን የማንም ሰው ጫማ ማስመሰል ሆነ። ከዚያው ከዘነበወርቅ ሰፈር የወጣችው ቤተልሔም ጥላሁን የጎማ ሶል ያለውን የድሮውን በረባሶ አስውባ ሶል ሬብልስ ብላ ለዓለም መሸጧን ሳስብ ጎን ለጎን ሁለት ትምህርት ቤቶች የነበሩ ይመስለኛል። አንዱ ጫማ እንዳይጎዳ፣ ሌላው ጫማ እንዲወደድ የሚያስተምር። መሐላቸው አንድ አጥር ብቻ ነው።

በ2013 በወላይታ ስለ ጫማ አጠቃቀም የታተመ ጥናት ሰዎችን ለምን አታደርጉም ብሎ ጠይቆ ነበር። ገንዘብ ይላሉ፣ ጭቃ ይላሉ፣ ለእርሻ አይመችም ይላሉ፤ አንድ ጫማ ያለው ደግሞ ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል። የጤና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን እንደ ድንቁርና ሲቆጥሩት ሰምቻለሁ። የእናቴ ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ስለማውቅ እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም። ጫማ ለደጋ ሴት መጀመሪያም የክብር ልብስ ሆኖ ነው የመጣው። ክብሩን ገፍፈህ ለጭቃ ብቻ የሆነ ጥቁር ሰፊ ጫማ ስትሰጣት የነፈግካት ነገር አለ። ሴልቢና ኤና ጄቲክ ይህን በ1930ዎቹ ያውቁ ነበር።

እማዬ ጨንቻ ያለች የልጅነት ጓደኛ አለቻት። እግሮቿ ካበጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአንድ ዓመት ወዲህ እያጠበች ብዙ ቀንሶላታል። ከሕክምና ጣቢያ የተሰጣት ጫማ በደንብ የተሰፋ ነው፣ አይቼዋለሁ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ማሰሪያው እስከ ቁርጭምጭሚት። እርሻ ስትሄድ ታደርገዋለች። ባለፈው ዓመት ሠርግ ላይ ግን ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯን ወንበር ሥር አጥፋ፣ በነጠላ ጫማ ተቀምጣ አየኋት። ለምን ብላት «ጫማው ራሱ ይናገርብኛል» አለችኝ።

ይህንን ለሲቀላው ጫማ ሰፊ አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከጎናቸው ካለ ክምር የሴት ፎርማ አነሱ። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል፣ ጫፉ ሹል ነው። «በዚህ አይሆንም» አሉ። «ግን ቆዳ እየቆራረጥኩ እላዩ ላይ በማስቲሽ እለጥፋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያበጠበት ጋ አበዛለሁ። ፎርማው ራሱ ያብጣል። ልኳን ብቻ አምጪልኝ፣ እግሯን ካርቶን ላይ አቁማ በእርሳስ ትዙረው። ጠዋት አይደለም፤ ማታ፣ ሲያብጥ።»

የእማዬን ጫማ ብረት ለመተካት የተጠቀሙት ጣውላ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሁለት እጥፍ አድርገው፣ በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ በእግር ቅስት ልክ አጎበጡት። የምላጩን ስንጥቅ እንዲሰፉት አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ዳርና ዳሩን እንዳይተረተር በክር ይዘው እንዳለ ተዉት።

በሳምንቱ ካርቶኑ ከጨንቻ በሚኒባስ መጣ። ሰውየው መሬት ላይ ዘርግተው ለብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ታኮ ይኑረው አይኑረው?» ብለው ጠየቁኝ። አላሰብኩበትም ነበር። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ጓደኛዋ አጠገቧ ነበረችና ጥያቄውን አስተላለፈችላት። ሁለቱ በጋሞኛ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ቆይታ እማዬ ስልኩን መልሳ ያዘችው።

«ትንሽ ይኑረው በያቸው፣ አለች።»